የሚድል ስኩል ልጅን ቤት ማስተማር፦ ካሪኩለም ከመግዛታችን በፊት

እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ገባችበት።

«ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጣሽው አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ እማዬ፣ ቤት እያስተማርኩት ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽና ነው የምታስተምሪው?»

መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ 600 ዶላር ገደማ ያወጣሁበት ትልቅ ካርቶን ነው። ውስጡ የስድስተኛ ክፍል ሙሉ ካሪኩለም፣ ማለትም የዓመቱ መጻሕፍትና የማስተማሪያ ዕቅድ፣ አለ። አስተማሪዋ ምን ማለት እንዳለባት ሳይቀር ቃል በቃል የተጻፈበት መመሪያም አለው። መመሪያው እናት ቀኑን ሙሉ ከልጇ ጎን ተቀምጣ እንደምትውል አድርጎ ያስባል። እኔ ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ስድስት ሳምንት ታገልኩ። ከዚያ ካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ፤ አሁንም እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ካሪኩለም ልግዛ?» እኔ ደግሞ ወደ ኋላ እመልሳቸዋለሁ። መጀመሪያ ሕጉን እወቁ። ቀጥሎ ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ሒሳብን ምረጡ፣ ከዚያ ጽሑፍን። «ክላሲካል»፣ «ሞንቴሶሪ» የሚባለው የዘዴ ስም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከስሙ ነው፤ ብራችንን የሚበላውም እሱ ነው።

ሆምስኩል፣ ልጅን ቤት ማስተማር ማለት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በሃምሳውም ግዛት ሕጋዊ ነው። በፊት የጥቂት ሃይማኖተኛ ነጮች ነገር ይመስለን ነበር። ኮቪድ መጥቶ ያን ቀየረው። የአገሪቱ ቆጠራ ቢሮ በ2020 ባደረገው ጥናት፣ በኤፕሪል መጨረሻ ላይ ቤት እናስተምራለን ያሉ ቤተሰቦች 5.4 በመቶ ነበሩ። በኦክቶበር 11.1 በመቶ ሆኑ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ነው የዘለለው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይህን ወሬ ስትሰሙ አይግረማችሁ።

ሕጉ እንደየግዛቱ ነው

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ (ሱፐርኢንቴንደንት) «ቤት ላስተምር ነው» የሚል ማሳወቂያ ይላካል። ፈቃድ እየጠየቃችሁ አይደለም፤ እያሳወቃችሁ ነው። የምታስተምሯቸውን የትምህርት ዓይነቶች ትዘረዝራላችሁ። ማስተማር እንደምትችሉ የሚያሳይ አንድ ማስረጃም ታያይዛላችሁ፤ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይበቃል። ዓመቱ መሃል ላይ ለመጀመር የወሰነ ደግሞ ወዲያው ያሳውቅና ቀሪውን በ30 ቀን ውስጥ ያሟላል።

በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን ማሳየት ግዴታ ነው። አንዱ መንገድ አገር አቀፍ መመዘኛ ያለው ፈተና ነው። ማለፊያው ያን ያህል አያስፈራም፤ 23ኛ ፐርሰንታይል ነው። መቶ እኩዮቹ በውጤት ቢሰለፉ ከኋላው ሃያ ሦስት ያህል ልጅ ካለ አልፏል ማለት ነው። ፈተና የማይወድ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ፈቃድ ያለው መምህር ወይም ማስተርስ ያለው ሰው ሥራውን አይቶ የግምገማ ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይችላል።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ስትገቡ ሁሉም ነገር ሌላ ነው። የግዴታ ፈተና የለም። ከመጀመራችሁ 15 ቀን በፊት ታሳውቃላችሁ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል ስተዲስ፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ማስተማር አለባችሁ። የልጁን ሥራ በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በአንድ ፋይል ሰብስባችሁ፣ ትይዛላችሁ፤ ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። ካውንቲው እንዲያየው የማይፈልጉ ወላጆች «አምብሬላ» በሚባል የቤተ ክርስቲያን ወይም የግል ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ይመዘገባሉ።

ዋሽንግተን ዲሲም የራሱ ሕግ አለው። ማሳወቂያው እስከ ኦገስት 15 ይገባል፤ የሚያስተምረው ወላጅ የሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም አቻውን ይጠየቃል። ዲሲ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ እንዲሆን አድርጓል። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

ሲያትል ላላችሁ፣ የዋሽንግተን ግዛት የሚጠይቀው ብዙ ነው። ማሳወቂያው እስከ ሴፕቴምበር 15 ይገባል። አሥራ አንድ የትምህርት ዓይነት አለ፤ በየዓመቱም ፈተና ወይም የመምህር ግምገማ አለ። ወላጅም ብቁነቱን ያሳያል፤ 45 የኮሌጅ ኳርተር ክሬዲት (የአንድ ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ያህል) ከሌለው ለወላጆች የተዘጋጀ ኮርስ ሊወስድ፣ ወይም ፈቃድ ያለው መምህር በየሳምንቱ እንዲከታተለው ሊያደርግ ይችላል። ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 ቤት ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት እንደ ግል ትምህርት ቤት ይቆጠራል ብሎ ስለወሰነ፣ ለመንግሥት የሚላክ ዓመታዊ ፈተናም ሪፖርትም የለም።

አውሮፓ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጀርመን ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታው ነው፤ ቤት አስተምራለሁ ብሎ ማስቀረት ቅጣት ያመጣል። ስዊድንም ከ2011 ጀምሮ የምትፈቅደው በጣም ልዩ በሆነ ምክንያት ብቻ ነው። እዚያ ያላችሁ ከዚህ ጽሑፍ የምትወስዱት ለቅዳሜና ለማታ ማጠናከሪያ የሚሆነውን ነው።

ሁለት ስህተቶች በኛ ሰው ዘንድ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንደኛው ደብዳቤው ሳይገባ ልጁን ማስቀረት ነው። ትምህርት ቤቱ መቅረቱን እንጂ ሐሳባችሁን አያውቅም፤ ያለ ምክንያት እንደቀረ ልጅ ይመዘግበዋል። ሁለተኛው የመንግሥት ኦንላይን ትምህርት ቤትን ከሆምስኩል ጋር ማምታታት ነው። ኦንላይኑ ነፃ ነው፤ ኮምፒውተርም ሊልኩላችሁ ይችላሉ። ግን ልጁ አሁንም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ሰዓት ይፈርማል፣ የግዛቱን ፈተና ይወስዳል፣ ካሪኩለሙን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለአንዳንድ ቤተሰብ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ምን እንደመረጣችሁ ግን እወቁት።

ልጃችሁ የልዩ ድጋፍ ዕቅድ ካለው፣ አይኢፒ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ከመውጣታችሁ በፊት የትኛው አገልግሎት እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚቋረጥ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገራችሁን አትመኑ።

ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና የሳምንቱን ፈረቃችሁን ጻፉ። ከዚያ ነቅታችሁ፣ ቤት ሆናችሁ፣ ስልክ ሳትይዙ ከልጁ ጋር ልትቀመጡ የምትችሉበትን ሰዓት አክብቡ። የኔ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ወጣ። አፈርኩ። በኋላ ግን ለሚድል ስኩል ልጅ ይህ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ገባኝ።

የስድስት ዓመት ልጅ አጠገቡ ሰው ይፈልጋል። ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ግን ማንበብ ይችላል፤ ለብቻው መሥራት ይማራል። ሠላሳ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ብዙው ጊዜ የሚሄደው በመሰለፍ፣ ዝም በሉ በማለት፣ ከክፍል ክፍል በመዞር ነው። ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት የረባ ሥራ ከሠራ ይበቃዋል። ከዚያ ውስጥ የእናንተ ድርሻ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቢሆን ችግር የለም፤ ለየትኛው ትምህርት እንደምታውሉት ግን ወስኑ። የኔ ለሒሳብና ለጽሑፍ ይውላል። ሳይንስና ታሪክን ራሱ አንብቦ ይነግረኛል።

ይህ ቁጥር ካሪኩለሙን ግማሽ በግማሽ ይመርጥላችኋል። መምህር ቆሞ እንዲያስረዳ የሚጠይቅ መጽሐፍ የቀን አንድ ሰዓት ላላት እናት አይሆንም። ቪዲዮ ያለው፣ ወይም በቀጥታ ለተማሪው የተጻፈ ያስፈልጋታል። እኔ ካርቶኑን ከመግዛቴ በፊት ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሒሳብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በዚህ ዕድሜ በጣም የሚያሳስበው እሱ ነውና። ታሪክን ዘንድሮ ያልተማረ ልጅ ለከርሞ ይማረዋል። ሒሳብ ግን አንዱ ካልቆመ ሌላው አይቆምም። ሚድል ስኩል ከክፍልፋይ ወደ አልጀብራ የሚሻገሩበት ድልድይ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ድልድዩ ላይ ነው።

ስለዚህ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ የስድስተኛ ክፍል መጽሐፍ አትግዙ። መጀመሪያ የት እንዳለ እዩ። የታወቁት አሳታሚዎች ነፃ የምደባ ፈተና ድረ ገጻቸው ላይ አላቸው። ካን አካዳሚ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽም ነፃ ነው፤ የአምስተኛ ክፍሉን ማጠቃለያ አስፈትኑት። ግን የኔን የወጥ ቤት ፈተናም ሞክሩ። ልጄ ሪፖርት ካርዱ ላይ በሒሳብ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ሞሰብ ከፍቼ ጠየቅኩት፤ «ሦስት አራተኛ እንጀራ ቀርቷል። ለአንድ ሰው ግማሽ ግማሽ ብንሰጥ ለስንት ሰው ይበቃል?» እርሳስ አንስቶ ሁለተኛውን ክፍልፋይ ገለበጠው፣ አባዛው። «ስድስት አራተኛ» አለኝ። «ስድስት አራተኛ ምን?» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «ስድስት አራተኛ ሰው» ብሎ ሳቀ።

መልሱ ትክክል ነበር። አንድ ሰው ድርሻውን ሙሉ ይበላል፣ ሁለተኛው የድርሻውን ግማሽ ያገኛል፤ አንድ ተኩል ሰው። ልጄ ግን መገልበጥና ማባዛት እንጂ ምን እያደረገ እንደሆነ አያውቅም ነበር። ስድስተኛ ክፍልን ትተን ወደ ክፍልፋይ ተመለስን። ሦስት ወር ፈጀብን። ከሆምስኩል ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ማንም ሳያየውና ሳያፍር ወደ ኋላ መመለስ ቻለ።

የሒሳብ መጽሐፎች ሁለት ጠባይ አላቸው። አንዱ ወገን እየዞረ የሚመለስ ነው። ሳክሰን የሚባለው የዚህ ዓይነት ነው። በየዕለቱ አንዲት ትንሽ አዲስ ነገር ያስተምራል፤ ከዚያ ሠላሳ ያህል ጥያቄ ይሰጣል። አብዛኛው ካለፈው ሳምንት፣ ካለፈው ወር የመጣ ነው። የሚረሳ ልጅ በዚህ ይጠቀማል። ቶሎ የሚሰለች ልጅ ግን «ይህን እኮ ሠርቻለሁ» እያለ ያብዳል።

ሌላው ወገን አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። ማዝ-ዩ-ሲ እንዲህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍልፋይ ብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ አለው። ቀዳዳ ላለበት ልጅ ግሩም ነው። ጉዳቱ ቅደም ተከተሉ ከትምህርት ቤቱ ጋር አለመገጣጠሙ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ልመልሰው ብትሉ እኩዮቹ ያዩትን አንዳንድ ነገር ገና አላየውም።

የሲንጋፖር ዘዴ የሚባለውን ብቻውን ላንሳው፤ እኔ የያዝኩት እሱን ነው። ነገሩ በእጅ ከሚዳሰስ ይነሳል፣ ወደ ሥዕል ይሄዳል፣ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለምሳሌ ሁለት ወንድማማቾች 84 ዶላር አላቸው፤ ታላቁ የታናሹን ሦስት እጥፍ ይዟል። ልጁ ለታናሹ አንድ ሳጥን፣ ለታላቁ ሦስት ሳጥን ይሥላል። አራት እኩል ሳጥን ሆነ። 84ን ለአራት ሲያካፍል አንዱ ሳጥን 21 ነው፤ ታላቁ 63 አለው። ኤክስ የምትባል ፊደል ሳያይ አልጀብራ ሠራ። በኋላ ሳጥኑን አንስቶ ኤክስ ሲያደርግበት አይደነግጥም።

አልጀብራን መቼ ይጀምር? ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ አንድን የጨረሰ ልጅ በተለመደው ቅደም ተከተል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። የኛ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ልጁን በሰባተኛ ክፍል አስጨርሱት ይላሉ። ተዉት። ዘጠነኛ ላይ የሚጀምሩት ብዙ ናቸው፤ ኢንጂነርም ይሆናሉ። ክፍልፋዩ እየተንገዳገደ አልጀብራ የገባ ልጅ ግን ሒሳብ አልችልም ብሎ ይወጣል፤ ያን ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ጽሑፍና ያ የእንግሊዝኛ ፍርሃት

«እንግሊዝኛዬ ልክ አይደለም፣ እንዴት ጽሑፍ አስተምራለሁ?» ብዙ ሰው የሚያፈገፍገው እዚህ ላይ ነው። ሐቁን እንነጋገር። ሰዋስውን መጽሐፍ ያስተምራል። የልጁን ድርሰት አንብቦ ሁለተኛው አንቀጽ ሐሳቡን አልደገፈም የሚል ሰው ግን ያስፈልጋል። ያን የማትችሉ ከሆነ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት። በሳምንት አንዴ የሚገናኝ የኦንላይን የጽሑፍ ክፍል፣ ወይም ወላጆች ተሰባስበው የሚያስተምሩበት ኮኦፕ። አንዷ ሳይንስ ታስተምራለች፣ ሌላዋ ጽሑፍ፤ ልክ እንደ ዕቁብ ተራ በተራ።

እናንተ የምትችሉት ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ሻርሎት ሜሰን የምትባል እንግሊዛዊት አስተማሪ ነበረች፤ በ1923 ነው ያረፈችው። ዘዴዋ ቀላል ነው። ልጁ ጥሩ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ ያነባል። ከዚያ ዘግቶ በራሱ ቃል ይተርካል። ጥያቄና መልስ የለም፣ ባዶ ቦታ ሙላ የለም። ለኛ ይህ ምን አዲስ ነገር አለው? «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን፣ የሰማነውን በማግስቱ ለጎረቤት ልጅ ስንተርክ ነው ያደግነው።

እኔ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ልጄ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ትረካውን በአማርኛ ለአያቱ በስልክ ያቀርባል። እናቴ መጽሐፉን አላነበበችውም፤ ስለዚህ የምትጠይቀው የምሯን ነው። «ቆይ፣ ሰውዬው ለምን ሸሸ? አልነገርከኝም እኮ።» ያኔ ምክንያት የሚባል ነገር መዝለሉን ያውቃል። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲጽፈው «ለምን»ው ገብቶበታል። ለዚህ የከፈልኩት የስልክ ካርድ ብቻ ነው። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ያለችኝ እናቴም ሳታውቀው የድርሰት መምህር ሆነች።

አሁን ስሞቹ

ክላሲካል የሚባለው የድሮ አውሮፓ ትምህርት ልጅ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ መጀመሪያ ማጥናት፣ ቀጥሎ መከራከር፣ መጨረሻ አሳምሮ መናገርና መጻፍ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ በ1947 ይህን ከልጅ ዕድሜ ጋር አያያዘችው። የሚድል ስኩል ዕድሜን መልስ የሚመልሱበት፣ ትልቅ ሰው ሲሳሳት የሚደሰቱበት ጊዜ አለችው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ሐሳቡ ያን ግብግብ ሎጂክ አስተምሮ ሥራ ላይ ማዋል ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ይህን ጉዞ ያውቀዋል፤ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ኋላ ቅኔ ቤት ይገባል። እዚያ የተባለውን መድገም ብቻ አይበቃም፤ ተማሪው ራሱ ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ያቀርባል፣ የኔታ ያርሙታል። ለመከራከር የሚወድ፣ ማንበብ የማይከብደው ልጅ ካላችሁ ክላሲካል ያምርበታል። ንባብ ጉም ለሚሆንበት ልጅ ግን በጣም ይከብዳል፤ የመጽሐፉ ብዛት ብቻ ያስደነግጣል።

የሜሰንን ተናግሬያለሁ። ትምህርቱ አጭር አጭር፣ መጽሐፉ ጥሩ ጥሩ፣ በሳምንት አንዴ ወጥቶ ቅጠልና ወፍ መመልከት። ለቤተ መጻሕፍት ካርድ ላለው ሰው በጣም ርካሹ ይህ ነው።

ዩኒት ስተዲ አንድ ርዕስ ይዞ ሁሉንም ትምህርት በሱ ዙሪያ ማስተማር ነው። የኔ ልጅ አውሮፕላን መረጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተቋቁሞ በቀጣዩ ኤፕሪል የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ፤ ይህ ታሪክና ጂኦግራፊ ሆነ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያጣሉ፣ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ይህ ፊዚክስ ሆነ። ስድስት ሳምንት ሄድንበት። ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ሒሳብን በዚህ መንገድ ለማስተማር አትሞክሩ። ቀዳዳ ይተዋል።

አንስኩሊንግ የሚለውን ስም በ1977 ያመጣው ጆን ሆልት የሚባል አሜሪካዊ ነው። ልጅ የሚማረው የሚፈልገውን ሲከተል ነው፤ ካሪኩለምም የለም። እውነቱን ለመናገር እኔ አልደፈርኩትም። ፈተና ያለበት ግዛት ላይ ሆኖ፣ ወላጅ ሌሊት እየሠራ፣ ልጁና ስልኩ ብቻቸውን ሲውሉ የሚፈልገው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ተጎድቶ የወጣ ልጅ ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ቢያሳልፍ ጥሩ ነው። እንቅልፉ ይመለሳል፤ ከዚያ መጽሐፍ ያነሳል።

ሞንቴሶሪ፣ ልጁ ራሱ እየመረጠ በእጁ እየነካ የሚማርበት ዘዴ፣ ለትንንሾች ድንቅ ነው። ለዚህ ዕድሜ በቤት ውስጥ የተሟላ ነገር ማግኘት ግን አስቸጋሪ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

እና አብዛኛው ሰው ምን ይዞ ይገኛል? ቅይጥ። ሒሳቡ ከአንዱ፣ ጽሑፉ ከሌላው፣ ታሪኩ ከቤተ መጻሕፍት። ከስድስት ወር በኋላ የሚደርሱት እዚሁ ስለሆነ ከመጀመሪያውም ካርቶን ሙሉ አትግዙ። ሒሳብና ጽሑፍ ብቻ ገዝታችሁ ጀምሩ። ሌላውን ለሁለት ወር ከቤተ መጻሕፍት ተበደሩ። አሳታሚዎች የናሙና ገጾች ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ አትማችሁ ለአንድ ሳምንት ሞክሩት። ያገለገለ መጽሐፍ ግዙ፤ ሲገዙ ግን የመልመጃ ደብተሩ ላይ ተጽፎበት እንዳይሆን እዩ።

ልጁንም ጠይቁት። የስምንት ዓመት ልጅ የሰጡትን ይሠራል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ያልመረጠውን ነገር በዝምታ ይገድለዋል። እኔ ሒሳብ ይኑር አይኑር ላይ ድምፅ አልሰጠሁትም። ከሁለት የሒሳብ መጽሐፍ የትኛው ይሻልሃል ብዬ ግን ናሙናውን ፊቱ አስቀመጥኩ። የመረጠው እኔ ያልወደድኩትን ነበር። ተውኩት፤ ራሱ ስለመረጠው ሲከብደው እንኳ አላማረረም።

አማርኛንም በዝርዝሩ ላይ እንደ ውጭ ቋንቋ አስገቡት። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ነው፤ ለትንሽ ልጅ የዓመት ሥራ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ግን በቀን አንድ መስመር ቢይዝ በአንድ ወር ግድም ይጨርሰዋል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ተሠርቷል። «ጓደኛስ?» ለሚለው የማያልቅ ጥያቄ መልሴም እዚያው አካባቢ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የቅዳሜ ኳሱ፣ ኮኦፑ። ብቸኝነት የሚመጣው እኛ ደክሞን ቤት ስንውል ነው፤ ስለዚህ ይህንንም እንደ ፈረቃ ካላንደር ላይ ጻፉት።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ወደ ትምህርት ቤት ለመመለስ ፈለገ። የሃይስኩል ክሬዲት በአብዛኛው የሚቆጠረው ከዘጠነኛ ጀምሮ ስለሆነ፣ ለመመለስ ከዚያ የሚመች በር የለም። በሃይስኩል መሃል ቢሆን ቤት የተማረውን ክሬዲት ላይቀበሉት ይችሉ ነበር። የምዝገባ ቢሮ ስንሄድ ሦስት ዓመት የሰበሰብኩትን ፋይል ተሸክሜ ነበር፤ የማሳወቂያ ደብዳቤዎቹ ቅጂ፣ የፈተና ውጤቶቹ፣ የድርሰቶቹ ናሙና። ሴትዮዋ ደብዳቤዎቹንና ውጤቶቹን አገላብጣ አየች፣ የሒሳብ ምደባ ፈተና ሰጠችው፣ አልጀብራ ሁለት ሊያስገቡት ይሁን ጂኦሜትሪ ብለው ተነጋገሩ። የአውሮፕላኑን ፋይል ማንም አልጠየቀም። ልጄ ግን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።